ውሃው ሳይፈላ

ጋሽ ሥዩም ያረፉት በስቅለት ማታ ነው። ሰፈሩ ከስግደት ተመልሶ ጉልበቱን እያሸ በተቀመጠበት ሰዓት፣ የእድራችን ለፋፊ በድምፅ ማጉያ ስማቸውን እየጠራ ከላይኛው መንገድ ወደ ታች ወረደ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ከኋላዬ ለፋሲካ የገዛሁት አውራ ዶሮ እግሩን ታስሮ ይንፈራገጣል። መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? «እንግዲህ የአንገቱን ላባ ለማን ልሰጥ ነው?» አልኩ። ሰው ሲሞት እንዲህ ይታሰባል እንዴ? እኔ አሰብኩ፤ ምን ላድርግ።

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ሰፈራችን ጉለሌ ነው፣ ከዊንጌት ትንሽ ከፍ ብሎ። ጋሽ ሥዩም ከእኛ ቤት ጥቂት አለፍ ብለው ነበር የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን በቅየሳ ሥራ ሀገር ለሀገር ሲዞሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ያቺን ቡናማ ባርኔጣቸውን የማያወልቁ። ሲናገሩ ቀስ ብለው ነው። እኔ ደግሞ ወሬ ሲጎተት አልችልም፤ የጀመሩትን ሁሉ እኔ እጨርስላቸዋለሁ። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ስታበቂ እኔ እቀጥላለሁ» ይሉኝና ይጠብቁኛል። ታዲያ እኔ እንዳበቃሁ ካቆሙበት ነበር የሚቀጥሉት።

በጎልማሳነታቸው ለቅየሳ ባሌ ተራራ በወጡበት ጊዜ፣ አብሯቸው የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ትራውት ማጥመድ አስተማራቸው። ትራውት ከውጭ አምጥተው በባሌ ወንዞች የለቀቁት ዓሣ ነው፤ ውሃው ጥርት ያለና አጥንት ሰብሮ የሚገባ ቀዝቃዛ ካልሆነ አይኖርም። በእነ ዝዋይ እንደለመድነው በመረብ ተጎትቶ አይወጣም። የሚወደው ውሃ ላይ የሚያርፍ ዝንብ ነውና አጥማጁ ዝንቡን ራሱ ይሠራለታል፤ መንጠቆ ላይ ላባ በክር እየጠመጠመ። ላባው ደግሞ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ መሆን አለበት፣ ከሁሉም ከሁሉም የገብስማ። በዚያ ላይ ደረቁን መነቀል አለበት። እኛ እንደምናደርገው ዶሮው አንዴ የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ በቃ፣ ላባው ይልፈሰፈሳል፣ ውሃ ላይ አይቆምም።

ስለዚህ በየበዓሉ ዋዜማ ጋሽ ሥዩም ፌስታላቸውን ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ከውጭ በር ላይ ሆነው «ውሃው ሳይፈላ!» ብለው ነው የሚጣሩት፤ ሰላምታቸውም ያችው ነች። ሴቶቹ ይቀልዱባቸዋል፣ ሥጋውን ትተው ላባውን የሚሹ ምን ዓይነት ወንድ ናቸው እያሉ። አዲሱ ገበያ አብሬያቸው ዶሮ ተራ ሄጄ አይቻለሁ። ሌላው ሰው ዶሮውን አንጠልጥሎ ክብደቱን ሲለካ፣ እሳቸው አንገቱ ላይ እፍ ብለው ላባውን በፀሐይ ያዩታል። አጥንት የሆነ ዶሮ ለላባው ብለው ገዝተው ይመለሳሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከሰፈሩ በላይ ካለው ሜዳ ላይ ቆመው መንጠቆ የሌለውን ዘንጋቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዙ፣ ምቱ እንዳይጠፋባቸው በከንፈራቸው እያነበነቡ ይለማመዳሉ።

አሁን እናንተው ፍረዱ። በእኛ አገር ገብስማ ዶሮ የሚያፈላልግ ሰው ማን ነው? ሕፃን እንኳን ያውቃል። ላባ የሚሰበስብ፣ ጎህ ሲቀድ ሜዳ ላይ ዘንግ እያወዛወዘ የሚያነበንብ፣ ብቻውን የሚኖር፣ በር ዘግቶ በትንሽ ሞርሳ ላይ አቀርቅሮ ክር ሲጠመጥም የሚውል። ነገሩ ከስንት ዓመት በፊት አለመፈንዳቱ ነው የሚገርመኝ።

ያፈነዳችው እትዬ የሺ ናት። ከጋሽ ሥዩም ጋር አጥር ትጋራለች። እናቴ ሥራ ስትውል እሷ ቤት እየዋልኩ ስላደግኩ አንቺ ነው የምላት። ጾም የማትገድፍ፣ ማኅበር የማታስታጉል፣ የታመመ ሰው ስትሰማ መቀነቷን አጥብቃ የምትሮጥ ሴት ናት፤ አፏ ግን መዝጊያ የለውም። አንድ ገና የገዛችው ዶሮ ገብስማ ሆነና ጋሽ ሥዩም እንደ ልጅ ቦረቁ። ላባውን ተቀብለው፣ መርቀዋት ሄዱ። በማግስቱ የልጇ ልጅ ትኩሳት ይዞት ዘፍ አለ። ሆስፒታል ተወስዶ በመርፌ ዳነ፤ የእትዬ የሺ ሆድ ግን አልዳነም። «ያንን ላባ ምን አደረገበት?» አለች። አንዴ ከአፏ ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰው።

ወሬው አዲሱ ገበያ ደርሶ ተመለሰ። ጋሽ ሥዩም ሲያልፉ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ግቢ ይጠራሉ። የፋሲካ ዋዜማ እንደ ልማዳቸው ፌስታላቸውን ይዘው እትዬ የሺ በር ላይ ቆሙ። እሷም በሩን ገርበብ አድርጋ «ልጅ ያለበት ቤት ነው፤ ሌላ ጋ ይሂዱ» አለቻቸው። እጃቸውን ለሰላምታ ዘርግተው ስለነበር ሳትወድ ጨበጠቻቸው፤ ዞር ሲሉ ግን እዚያው ቧንቧው ሥር እጇን በሳሙና ታጠበች። ጋሽ ሥዩም በአጥሩ በኩል አይተዋታል። ያን ቀን ከአንድም ቤት ላባ ሳያገኙ ባዶ ፌስታላቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተው ገቡ።

ከዚያ የባሰው የእድሩ ነገር ነው። ዓመቱ ዞሮ ገና ሲቃረብ፣ በወር ስብሰባው ላይ አንዱ ተነስቶ፣ በጥንቆላ የሚጠረጠር ሰው ጉዳዩ እስኪጣራ ከእድሩ ቢታገድ አለ። ጭብጨባ ባይኖርም ተቃውሞም አልነበረም። እኔ ዊንጌት ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ በማግስቱ መጥተው በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ያኔ ነው ያለ ባርኔጣ መጀመሪያ ያየኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ ሚስቴን የቀበረልኝ ይኼ እድር ነው» አሉኝ። «እኔንስ ማን ይቀብረኛል?» ያን ቀን አላቋረጥኳቸውም።

ሰፈሩን ሁሉ ለመስደብ ምላሴን ስስል፣ ለካ የእትዬ የሺ የነፍስ አባት ቀድመውኛል። ለገና ቁርባን ልትዘጋጅ ስትቀርብ ወሬውን ሰምተው ኖሮ፣ ይኼን ሰው ጠንቋይ ነው ስትይ በዓይንሽ አይተሻል ወይ ብለው ጠየቋት። አላየችም። እንግዲያው ሄደሽ እስክታዪ፣ ወይ ስሙን እስክትመልሺ አትቆርቢም ብለው አሰናበቷት። እትዬ የሺ ለሳምንት ያህል ቆሌዋ ተገፎ ሰነበተች። ከዚያ እኔ ጋ መጥታ፣ ሰውዬው ዓሣ ያዝኩበት የሚሉት ቦታ ወስደው ያሳዩኝ አለች። ቅድመ ሁኔታም ነበራት። የሚጠቀሙት ላባ እሷ ያመጣችውን ብቻ ነው፤ ላባው ላይም ጠበል ይረጫል። የሰይጣን ሥራ ከሆነ ጠበል የነካው ላባ ዓሣ አይዝም፤ ካልሆነ ይይዛል። ይኼን ሄጄ ለጋሽ ሥዩም ስነግራቸው የተቆጡ መስሏችሁ? «እሺ፣ እሷ ያመጣችው ይሁን» አሉ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ተነሳን። መኪናው የጀማል ነው፤ ጀማል የሰፈራችን ባለ ሱቅ ነው፣ የስልጤ ልጅ፣ ጋሽ ሥዩምን በዚያ ሁሉ ወሬ መሀል እንኳን ሰላም ማለት ያልተወ። በፒካፑ ጋቢና እትዬ የሺ በአንድ እጇ የጠበል ጠርሙስ፣ በሌላው መቁጠሪያዋን ይዛ፣ እኔን እንደ ግንብ መሀል አስቀምጣ ተጓዘች። ጋሽ ሥዩም ወደው ነው ከኋላ ከድንኳኑ ጋር የተቀመጡት። በአሰላ አድርገን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈን ዲንሾ ስንደርስ ፊታቸው በአቧራ አመድ መስሎ ይስቁ ነበር። ሲስቁ ካየኋቸው ስንት ጊዜዬ።

የማጥመጃ ፈቃድ አውጥተን ወንዙ ዳር ሰፈርን። ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ያለ ውሃ አይቼ አላውቅም። ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ማዶ የደጋ አጋዘኖች ምንም ሳይመስላቸው ይግጣሉ። ብርዱ ግን አይጣል ነው፤ ጠዋት ድንኳኑ ላይ ያለው ውርጭ እንደ ጨው ይጠረጋል። ምሽቱን ጀማል የራሱን ድስት ለብቻው ጣደ። እኛ ከቤት ያመጣነው የዶሮ ወጥ ነበር፤ እሱ ደግሞ በእስላም እጅ የታረደ ካልሆነ ሥጋ አይበላም፣ እኛም የእሱን አንበላም። እትዬ የሺ ስንት ዘመን ስኳርና ዘይት ከጀማል ስትገዛ ኖራ፣ አንድም ቀን ከአንድ ትሪ ሥጋ በልተው አያውቁም። እሳቱን መሀል አድርገን፣ ወዲያና ወዲህ ሆነን በላን።

ጋሽ ሥዩም ከእትዬ የሺ ፌስታል ውስጥ ያለውን ላባ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። የዘንድሮው ገና ዶሮዋ ላባ ነው፤ በጠበል ርሶ ተጣብቋል። ምንም ሳይሉ በፒካፑ ኮፈን ላይ በትነው አደረቁት፤ ሞርሳቸውን አውጥተው ዝንባቸውን ጠመጠሙ። ከዚያ ወንዙን ያዙት። እኛን ከዳር አስቀምጠው ጥላችን ውሃው ላይ እንዳይወድቅ አስጠንቅቀውናል። እሳቸው ጎንበስ ብለው፣ ልክ ሜዳው ላይ እንደሚያደርጉት፣ ዘንጉን ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት። ክሩ አየር ላይ ተዘርግቶ ቀስ ብሎ ሲያርፍ እትዬ የሺ ሳታስበው «አቤት» አለች፤ ወዲያው ደግሞ አማተበች።

ያን ቀን ምንም አልተያዘም። በማግስቱም ምንም። ዝንቡ ውሃው ላይ እንዳረፈ ይሰምጣል፤ ዓሣው ከሥር መጥቶ ያየውና ይመለሳል። የእትዬ የሺ ፊት በየሰዓቱ እየጠቆረ ሄደ። እኔ ነኝ መቀመጥ ያቃተኝ። ሰውዬው ያለ ዓሣ ጉለሌ ቢመለሱ የእድሩ ነገር አለቀለት። ሌላ ላባ አላመጡም ወይ ብዬ በጆሯቸው ብነዘንዛቸው፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ እሷ ካመጣችው ውጪ አልነካም አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ የሺ ራሷ አልቻለችም፤ ተነስታ አጠገባቸው ሄዳ ቆመች።

«ለምንድን ነው የማይዘው?»

«ላባው የፈላ ውሃ ገብቷል፣ የሺ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ አይነግሩኝም?»

«አንቺ ባመጣሽው ብለሽኛል። እሺ ብያለሁ።»

ዶሮውን እንደ ሁላችንም የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር የነጨችው፤ «ውሃው ሳይፈላ» የሚሉት ለዚህ መሆኑ ያኔ ገባት። ነገር ሲገባት ደግሞ አትቀመጥም። እንነሳ አለች፣ ራሴ ገዝቼ ራሴ አመጣለሁ። ጀማል ዲንሾ ይዞን ወጣ፣ ቀኑም እንደ ዕድል የገበያ ቀን ነበር።

አሁን ልብ በሉ። ነጠላዋን ያጣፋች፣ አንገቷ ላይ መስቀል ያንጠለጠለች የአዲስ አበባ ሴት፣ ዶሮ ተራ መሀል እየዞረች ገብስማ አውራ ዶሮ ትፈልጋለች። ቀይ ቢያሳዩዋት አይሆንም፣ ነጭ ቢያሳዩዋት አይሆንም። አንዲት ሴት ጋ አገኘች። ጎንበስ ብላ፣ ጋሽ ሥዩም እንደሚያደርጉት፣ አንገቱ ላይ እፍ አለችበት። ሻጯ ዶሮውን ከእጇ ነጥቃ ሻርፗ ሥር ሸጎጠችው። ጀማል ንግድ ያስተማረው ኦሮምኛ አለውና ሊያግባባ ገባ፤ ለዓሣ ማጥመጃ ነው ብሎ ቢምልላት ጭራሽ ባሰባት። ዓሣና ዶሮን ምን አገናኘው? ዙሪያውን ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቁመው እኛን ያያሉ። አንዷ ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበች። ሻጯ አንድ ነገር ተናገረች፣ ጀማል ለመተርጎም አፈረ።

«ምን አለች?» አለች እትዬ የሺ።

«ቤቴ ልጅ አለ፣ ሌላ ጋ ሂዱ ነው ያለችው።»

እትዬ የሺ ኩም አለች። ከተወለድኩ ጀምሮ አፏን ስትይዝ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ጀማል እንደምንም ለምኖ፣ በመጨረሻ ሻጯ እኛን ለመገላገል ስትል ብቻ፣ ከዶሮው አንገት ጥቂት ላባ ነጨት ነጨት አድርጋ ወረወረችልን። ዋጋም አልተቀበለችም። ከዚያ አፈር ዘግና እጇን በአፈሩ አሸች። እትዬ የሺ ላባውን ከመሬት ለቅማ፣ የሴትዮዋን እጅ ስታይ፣ ስታይ ቆየች። እስከ ወንዙ ድረስ መቁጠሪያውን አልነካችውም።

ላባውን ለጋሽ ሥዩም በሁለት እጇ ነው የሰጠቻቸው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጠው ጎንበስ ብላ። ጠበሉን አልረጨችበትም። እሳቸው ምን እንደተፈጠረ አልጠየቁም። ዝንቡን ሠርተው ሲጨርሱ ዘንጉን ለእሷ አቀበሏት። እኔ ዓሣውን ካወጣሁት በመተት ነው ትይኛለሽ፣ አንቺው ያዢው አሏት። ከኋላዋ ሆነው ክሩን አስጣሏት። ዝንቡ ውሃው ላይ ቆመ። በእውነት ቆመ፣ ነፍስ ያለው ይመስል። ትንሽ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ውሃው ቦጭ አለና ዘንጉ ተለመጠ።

«በስመ አብ!» ብላ ጮኸች እትዬ የሺ፣ ዘንጉን ግን አለቀቀችም። ጋሽ ሥዩም ቀስ፣ ቀስ፣ ስጪው፣ አሁን ሳቢው እያሉ ከጎኗ፣ እሷ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ እየራሰ ውሃው ውስጥ ገባች። ዓሣውን ስታወጣው ጎኑ ወርቅማ፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው። አገላብጣ አየችውና «ይኼ ራሱ ገብስማ አይደል እንዴ» አለች። ያኔ ሳቃችን መጣ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ጋሽ ሥዩም የመጀመሪያውን ዓሣ መልሶ ለውሃው የመልቀቅ ልማድ ነበራቸው፤ እትዬ የሺ ግን የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላበት እንቢ አለች። ትልቅ ነበር፤ ለአራት ሰው የማያሳፍር።

በቅቤና በቃሪያ እሳት ላይ ጠበስነው። ዓሣ ደግሞ አይታረድ፣ አይባረክ፤ የእስላም የለው የክርስቲያን የለው። ጀማል የለመደውን ድስቱን ሊያወጣ ሲነሳ እትዬ የሺ እጅጌውን ይዛ አስቀመጠችው። በአንዱ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። እሾሁን ለቅማ ለቅማ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለጀማል ሰጠችው። ሁለተኛውን ይዛ ወደ ጋሽ ሥዩም ዞረች።

«ሥዩሜ፣ ስምህን አጥፍቼዋለሁ» አለች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የምመልሰውም እኔ ነኝ። ጉረስልኝ።»

ጎረሱ። ቶሎ አልዋጡም፤ ወንዙን እያዩ አኘኩ፣ አኘኩ። እኔ አንድ ነገር ይበሉ እያልኩ ስቁነጠነጥ በራሳቸው ጊዜ ዋጡና «እድሩም ላይ ትነግሪልኛለሽ?» አሏት። እንደ ልጅ ነበር የጠየቋት። እትዬ የሺ በእግሬ ነው የምዞረው አለች። እኔ ተነስቼ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ፤ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም።

ዞረች ደግሞ። ወሬውን ያደረሰችበትን ቤት ሁሉ አንኳኳች፣ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረች፣ የዲንሾዋን ሴት ሳትቀር። በእድሩ ስብሰባ ቆማ ተናገረች፤ ጋሽ ሥዩም በቦታቸው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ላባ ለመሰብሰብ ቤት ለቤት መዞር ቀረላቸው። በዓል በመጣ ቁጥር ሰፈሩ ራሱ የዶሮውን አንገት ደረቁን እየነቀለ፣ በፌስታል አድርጎ በራቸው ላይ ያንጠለጥልላቸዋል። ጀማልም በኢድ ያንጠለጥላል። የሠሩትን ዝንብ ሁሉ በሣጥን ደርድረው፣ ይኼ የየሺ ነው፣ ይኼ የጀማል፣ ይኼ ያንቺ እያሉ ያሳዩኝ ነበር። ከዚያች የበርጩማዋ ቀን ሌላ፣ እኔ ሳላቋርጥ የሰማኋቸው ይኼንን ብቻ ነው።

በቀዳም ስዑር ቀበርናቸው። በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ የሁሉም በሆሳዕና አንድ ላይ ተደርጓል። እትዬ የሺ ቄሱን ደጋግማ ጠየቀች፣ የሆሳዕናው እሳቸውንም ይጨምራል ወይ ብላ። ይጨምራል ሲሏት ነው እፎይ ያለችው። እድሩ ወንድ ሴት ሳይቀር ወጣ። ጀማል ሱቁን ዘግቶ ቃሬዛውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቀያየር ተሸከመ። ለቀስተኛው የላይኛውን መንገድ ሞልቶት ታክሲዎቹ ቆመው አሳለፉን።

ከቀብር ስንመለስ መሸ፣ በዓሉ ደግሞ አይቀር። ዶሮዬን አሳርጄ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር፤ ነቃ ስል እጄ ላይ የዶሮው የአንገት ላባ አለ፣ ደረቁን። እጄ ራሱ ነው የነቀለው። ወይ መጣል አልሆነልኝ፣ ወይ ማስቀመጥ። በፌስታል ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ።

የጋሽ ሥዩም ቤት መብራቱ ጠፍቷል። በሩ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች ፌስታል ተንጠልጥሏል፣ የማን እንደሆነ የማውቀውም የማላውቀውም። እትዬ የሺ ጥቁሯን ለብሳ የራሷን እያሰረች ነበር። ዞር ብላ አየችኝ፤ ለእኔ መሆኑን እንጃ፣ ብቻ ተናገረች።

«ውሃው ሳይፈላ ነው የነቀልኩት» አለች።

እኔም የእኔን ከጎኑ አሰርኩ።